ድርብ መጋረጃ

ጡረታ የወጡት የባዮሎጂ መምህር ሞተው የተገኙት በገዛ ቤታቸው ጓሮ፣ በሕግ የተከለከለ ተክል በተደረደረበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ለፖሊስ የደወለችው ሴት ስንደርስ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። መኪናውን ገና ሳላቆም ወደ መስኮቱ መጣች።

"የደወልኩት እኔ ነኝ" አለችኝ። "ቦርሳዬን ከመበርበራችሁ በፊት ልንገርሽ፤ ሁለት ጠርሙስ ዘይት ይዣለሁ። ከዚያ ተክል የተጨመቀ ነው። መምህሩ የሚጥል በሽታ ላለባት ልጄ አስቀምጠውልኝ ነበር። ሞተው ሳያቸው ከመደርደሪያው አንስቼ ነው የደወልኩት፤ ቤት ያለው አልቋላ! ማሰር ካለብሽ እሰሪኝ። መጀመሪያ ግን ግቢና ሰውየውን እዪ፤ በፊታቸው ነው የተደፉት።"

በዚህ ሥራ የሚያለቅስ አይቻለሁ፣ የሚክድ አይቻለሁ፣ ራሱን የሚስትም አይቻለሁ። ጥፋቱን ቀድሞ ተናግሮ የሚቆጣ ሰው ግን ገና ማየቴ ነው። መርማሪ ማንንም መውደድ የለበትም ይባላል፤ እኔ ግን እዚያው ወደድኳት።

አብሮኝ የመጣው ሳጅን ጋሽ ነገሩ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ "ነገሩ" ሳይል ወሬ መጀመር ስለማይችል ጣቢያው የሰጠው ነው። የክፍሉ በር ላይ ጥቁር ወፍራም መጋረጃ ከላይ እስከ ታች ተንጠልጥሏል፤ ጠርዙ በሁለት ረድፍ የተሰፋ፣ ከግድግዳው ጋር በተለጣፊ የሚያያዝ። ከእሱ አንድ እርምጃ አልፎ ደግሞ ያንኑ የሚመስል ሁለተኛ መጋረጃ አለ። ጋሽ ነገሩ ሁለቱንም ግራና ቀኝ ገፍቶ ትልቁን መብራት አበራው።

"ዝጉት! ኧረ ዝጉት!" ሴትየዋ ከኋላችን ጮኸች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። "ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።"

"የምን ልማድ?"

"አበባ ሲይዙ ድፍን ጨለማ የሚፈልጉበት ጊዜ አላቸው። ጭላንጭል ከገባባቸው ይበላሻሉ። የፊተኛው መጋረጃ ሳይዘጋ የኋለኛው አይከፈትም፤ መምህሩ በዚህ ቀልድ አያውቁም። አንድ ቀን ረስቼ እንደ ተማሪ ጥግ አቁመውኛል።" ልትስቅ ዳዳት፤ ሬሳውን ስታይ ተወችው።

"ዛሬ ስትመጪ መጋረጃዎቹ እንዴት ነበሩ?"

"ሁለቱም ተዘግተው። እስከ ታች ድረስ ተጣብቀው።"

ሽማግሌው ከተክሎቻቸው መሃል ተደፍተዋል። አጠገባቸው ሆዱ የጎደጎደ የብረት ውሃ ማጠጫ ወድቋል። የተመቱት ከኋላ ነው፤ ሐኪሙ ትናንት ማክሰኞ ከሰዓት መሆን አለበት አለ። በሩ አልተሰበረም፣ ከቤቱ የጎደለ ነገር የለም። ከኮት ኪሳቸው ግን ሁለት ሪባን አወጣሁ፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ነጭ።

ስለ ሪባኑ ልንገራችሁ። የከተማው ምክር ቤት ካናቢስ ሕጋዊ ይሁን አይሁን የሚል ረቂቅ ይዞ ከተማውን ለሁለት ከፍሎታል። ደጋፊ አረንጓዴ ያስራል፣ ተቃዋሚ ነጭ። ጎረቤት ከጎረቤት፣ ባል ከሚስት ተኮራርፏል። እናቴ እንኳ "አንቺ የየትኛው ነሽ?" ብላኝ "የፖሊስ ነኝ" ብላት ሳምንት አኮረፈችኝ። በማግስቱ ሐሙስ ከሰዓት በትልቁ አዳራሽ የሕዝብ አስተያየት ሊሰማ ቀጠሮ ተይዟል፤ ሪባን ያላሰረ አይገባም፣ ወንበሩም ለሁለት ተከፍሏል።

"ነገሩ አለቃ" አለ ጋሽ ነገሩ ሪባኖቹን እያገላበጠ፣ "ሁለቱንም የሚይዝ ሰው ወይ ሰላይ ነው ወይ ግራ የገባው ነው።"

"ወይ ሁለቱንም ያወቀ" አልኩት። ያን ጊዜ እንዲሁ አፌ ላይ የመጣልኝን ነበር የተናገርኩት።

*

አለቃዬ ኮማንደሩ የሬሳውን ፎቶ ከማየቱ በፊት ርዕሱን አዘጋጅቶ ጠበቀኝ።

"ቅጠሉ ሰው ገደለ" አለ። "ነገ ከመሰብሰባቸው በፊት ይህን ሕዝብ ይወቅ።"

"የገደለው ውሃ ማጠጫ ነው፤ ማጠጫውን የያዘውን እጅ ደግሞ ገና አላገኘሁም።"

"እጁማ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው።" ጣቱን ወደ ኮሪደሩ ቀሰረ። "ያንን የመጋረጃ ሥርዓት የሚያውቅ ማነው? እሷ። እንደ ልቧ የምትገባው? እሷ። ከሬሳ አጠገብ ዕፅ አንስታ የወጣችው? እሷ!"

"ገድላ ደወለችልን?"

"ብልጥ ናት።"

"ብልጥ ብትሆንማ ጠርሙሱን ደብቃ ትደውል ነበር።"

ጠረጴዛውን መታ። ኮማንደሩ ነገር ሲያልቅበት ጠረጴዛ ይመታል። "ነገ አዳራሹ ከመከፈቱ በፊት ሌላ ሰው ካመጣሽ እሰየው። ካላመጣሽ በግድያ ትከሰሳለች። ጠርሙሶቹም ኤግዚቢት ናቸው፤ ካዝና ይግቡ።"

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ስወጣ ሴትየዋ በፍርግርጉ ውስጥ ሆና አየችኝ። የሆስፒታል አንሶላ በማጠብ የሻከሩ እጆቿን ብረቱ ላይ ጭብጥ አድርጋለች።

"እኔን ተዪኝ" አለች። "ልጄ እህቴ ጋ ናት። ጠብታውን ሳትወስድ ካደረች ትወድቃለች። ለኮማንደርሽ ንገሪው፤ ከዚህ ስወጣ ያንኑ ዘይት ፈልጌ እሰጣታለሁ። ዛሬም ነገም! ሕጉ ልጄን ሲያቅፋት ያን ጊዜ እታዘዘዋለሁ።"

ለኮማንደሩ አልነገርኩትም። ለራሴ ግን ያዝኩት።

*

መጀመሪያ ያመጣነው ጎማን ነው። ጎማ በየትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቅጠል የሚቸበችብ ልጅ እግር ደላላ ነው፤ ስንጥለው ስለሚነጥር እንዲያ ተባለ። መምህሩ በአደባባይ በዱላ አባረውት፣ እሱም "እንገናኛለን ሽማግሌ" ብሎ ዝቶባቸው ነበር።

"እኔ ተቃዋሚ ነኝ" አለ ገና ሳይቀመጥ፣ ደረቱ ላይ ያሰረውን ነጭ ሪባን እያሳየኝ።

"አንተ? ሕጋዊ እንዳይሆን?"

"እንዴ ኢንስፔክተር! ሕጋዊ ከሆነ በሱቅ ሊሸጡት አይደል? መታወቂያ አይተው፣ ለትልቅ ሰው ብቻ። ታዲያ እኔ ምን ልሸጥ ነው፣ ማስቲካ?"

ጋሽ ነገሩ ሳቁ አመለጠው። እኔ አልሳቅኩም፤ የከተማው ግማሽ ከዚህ ልጅ ጋር አንድ ሪባን ማሰሩን ሳያውቅ በጽድቅ ይፎክራል።

"ማክሰኞ ከሰዓት የት ነበርክ?"

"እሱን ጠይቂው።" ወደ ጋሽ ነገሩ ጠቆመ።

ጋሽ ነገሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "ነገሩ አለቃ፣ ከጠዋት ጀምሮ እኛው ማረፊያ ክፍል ነበር። ሰክሮ ሲደባደብ የያዝኩት እኔው ነኝ።"

ከፖሊስ እቅፍ የበለጠ ምስክር የለምና ለቀቅነው። በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። "ሽማግሌውን የሚጠላ ከፈለግሽ የነጭ ሪባኑን ሰብሳቢ ጠይቂ። ልጁ የኔ ደንበኛ ነበር። ሲያመው ጊዜ አባትየው መጥቶ ክንዴን ሰበረኝ።" ክንዱን ወደ ላይ አንስቶ አሳየኝ፤ ተጣሞ ነው የገጠመው። "ይገባኝ ነበር ወይስ አይገባኝም፣ አላውቅም" አለና ወጣ።

*

ሰብሳቢው የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ናቸው። የነጭ ሪባኑን ዘመቻ ያቋቋሙትና የሚመሩት እሳቸው ስለሆኑ ከተማው ስማቸውን ረስቶ "ሰብሳቢው" ይላቸዋል። ሱቃቸው ቆዳና ማጣበቂያ ይሸታል። ጥግ ላይ፣ ከመኪና በወለቀ ወንበር ላይ አንድ ወጣት ተቀምጧል፤ የክር ጥቅል በእጁ ይዞ ይፈታል፣ መልሶ ይጠቀልላል። ቀና ብሎ አላየኝም።

"ልጄ ነው" አሉ ሰብሳቢው። "ከክፍሉ አንደኛ ይወጣ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር በልጅነቱ ጀመረው፤ ትንሽ ነው ሲለኝ አመንኩት። አሁን ግድግዳው ያወራዋል። ሐኪሞቹ በዘሩ የነበረን በሽታ ቅጠሉ ቀሰቀሰው ይላሉ። በዘሩም ይሁን፣ የቀሰቀሰውን ማነው የሚሸጠው? ይህንን ነው ሕጋዊ እናድርግ የሚሉኝ?"

የተናገሩት እውነት ነበር፤ እያወሩ ደግሞ አዲስ የወጠሩትን የወንበር ልብስ በመዳፋቸው ከላይ እስከ ታች እየተጫኑ ያስተካክላሉ።

"መምህሩ ቤት ገብተው ያውቃሉ?"

"እኔ? የዚያን ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ብረግጥ አቃጥለው ነበር።"

"ማክሰኞ ከሰዓት የት ነበሩ?"

"እዚሁ። ልጄን ትቼ የት እሄዳለሁ? ሚስቴም ታማ ተኝታለች።"

"ምን አሟቸው?"

"አጥንቷን" አሉና ፈጥነው ወሬ ቀየሩ። "ለምን ጠበቃውን አትጠይቂም? ያ አረንጓዴ ሪባን አዳይ በዚያው ዕለት ጠዋት ሽማግሌው ላይ ጮሆባቸው ነው የሄደው። አብሬህ አልመሰክርም ካሉ አይኑሩ ያለ ይመስለኛል።"

ወጣቱ ክሩን ጣለው። አባትየው ሮጠው አንስተው በእጁ አስያዙት፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጥቅሉ ላይ እያጠፉለት። ከሱቁ ወጣሁ። እንዲህ ያለውን አባት ደግሞ መጠርጠር አልፈለግሁም፤ እግሬም ወደ ጠበቃው ቢሮ ቸኮለ።

*

ጠበቃው የደጋፊዎቹ አፍ ነው። ቢሮው በፖስተር ተሞልቷል፤ በሁሉም ላይ የምትስቅ ሕጻን አለች።

"ይህች ልጅ በሽተኛ ናት?" አልኩት።

"ሞዴል ናት። እውነተኛዋ በሽተኛ ፎቶ ላይ አታምርም።"

ከዚህ በኋላ እሱን መጠርጠር ደስ አለኝ። "ማክሰኞ ጠዋት መምህሩ ላይ ጮኸህባቸዋል" አልኩት።

ብድግ አለ። "ማን ነገረሽ?"

"ጥያቄው የኔ ነው።"

"ጮኼባቸዋለሁ፤ አልክድም። የፈለግሁት ንጹሕ ታሪክ ነው፤ የታመመች ልጅ፣ ደግ ሽማግሌ፣ ጨካኝ ሕግ። እሳቸው ግን 'የዳኑትንም ያበዱትንም እናገራለሁ፣ ከተማሪዎቼ ያጣሁትን እናገራለሁ' አሉኝ። አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ቢሉ ያለቀልን ነበር። ጮኼ ወጣሁ። ከሰዓት እዚሁ ቢሮ ሆኜ ንግግሬን ሳጠና ነበር።"

"ማን አየህ?"

"ማንም።" ላብ አጠመቀው። "ግን እውነት ማን ነገረሽ? ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እኔ ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም፤ መጣላታችን ከተሰማ ዘመቻችን ይፈርሳል።"

ምስክር የሌለው፣ የተጣላ፣ የሚጠቀም ሰው። ኮማንደሩ ቢሆን ወዲያው በካቴና ያስረው ነበር። እኔንም እጄን በላኝ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚለውን እያሰብኩ ደረጃውን ወረድኩ፤ መኪናው ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሳልጠመዝዝ ቆየሁ። ጠበቃው ለማንም ካልተናገረ፣ ጠቡን ሊያወራ የሚችለው መምህሩ ብቻ ናቸው። መምህሩ ደግሞ ከዚያ ጠዋት በኋላ የኖሩት እስከ ከሰዓት ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ሰብሳቢውን አግኝተዋል ማለት ነው፤ ደጃቸውን ረግጦ የማያውቀውን ሰው።

"ነገሩ አለቃ፣ ሰብሳቢው ከመንገድ ሰምተው ሊሆን ይችላል" አለ ጋሽ ነገሩ ስነግረው። እውነቱን ነው። በዚህ ብቻ ማንንም ማሰር አይቻልም። ቢቻልም ልቤ እምቢ ይል ነበር።

*

ሐሙስ ጠዋት ጣቢያው በጩኸት ተቀበለኝ። የሴትየዋ እህት ልጅቷን ታቅፋ መጥታለች። ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ወድቃ ትንፈራገጣለች። ፖሊስ ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ያያል።

"በጎኗ አስተኟት!" እናትየዋ ከፍርግርጉ ውስጥ ታዛለች። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። "አፏ ውስጥ ምንም እንዳትከቱ! ጭንቅላቷ ሥር ልብስ አድርጉ! እጇን አትያዟት፣ ይለቃታል!"

ኮቴን አውልቄ ከጭንቅላቷ ሥር አደረግሁ። ቆይቶ ለቀቃት፤ ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ እናቷን ፈለገች።

"ሌሊቱንም እንዲሁ ስትወድቅ ነው ያደረችው" አለች አክስትየዋ እያለቀሰች።

"ጠብታው የወደቀውን አያነሳም" አለችኝ እናትየዋ። "እንዳትወድቅ ነው የሚይዛት። ከተቋረጠባት ይብስባታል። ሰምተሻል? ወይስ ደግሞ አንድ ጊዜ ማየት ትፈልጊያለሽ?"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያሉ ያሙኛል፤ ልክ ናቸው። የኤግዚቢት ካዝናውን ከፈትኩ። አንዱን ጠርሙስ አውጥቼ በሰው ሁሉ ፊት ለአክስትየዋ ሰጠኋት።

"ምን እያደረግሽ ነው?" ኮማንደሩ ከቢሮው ብቅ ብሏል።

"ኤግዚቢት እየሰጠሁ ነው።"

"ይህ ወንጀል ነው!"

"እንግዲያው ይመዝግቡኝ። ስሜን አስተካክለው ይጻፉ እንጂ።"

ያን ቀን ጠረጴዛ አጠገቡ አልነበረምና በሩን መታ። እኔ ግን ወጥቻለሁ።

*

ለጠበቃውም ለሰብሳቢውም ያልኩት አንድ ነው። ሰብሳቢውን ሰዎቻቸው ሰልፍ ለመውጣት ጨርቅ በሚጽፉበት መሃል አገኘኋቸው። "ያንን ጉድ በዓይንዎ አይተው ለሕዝቡ ቢናገሩስ?" አልኳቸው ጮክ ብዬ። ተከታዮቻቸው አጨበጨቡ። እምቢ ማለት አልቻሉም።

መጀመሪያ ጠበቃውን ወደ መምህሩ የጓሮ ክፍል አስገባሁት። ሁለቱንም መጋረጃ እንደ ንፋስ ገፍቶ አልፎ ክፍሉ መሃል ቆመ፤ የቀን ብርሃን ተከትሎት ገባ። አንዴም ወደ ኋላ አልዞረም። ሸኘሁትና መጋረጃዎቹን እንደገና ዘጋሁ። መብራቱን አጠፋሁ። ጋሽ ነገሩን ከውስጥ አቆምኩት።

ቀጥሎ ሰብሳቢው መጡ። እኔ ቀድሜ ገባሁ።

"ልጅዎ እንዴት አደረ?" አልኳቸው ወደ ኋላ ሳልዞር።

"ምን እንደ ማደር ይቆጠራል! ሌሊቱን ከግድግዳው ጋር ሲጨቃጨቅ ነበር።"

"ሐኪም አያየውም?"

"ያየዋል። መርፌ ይወጋዋል፤ ሳምንት ይሻለዋል፤ እንደገና…"

የፊተኛውን መጋረጃ ገልጬ ክፍት ተውኩት። ሁለተኛው ፊት ደርሼ ቆምኩ። ከኋላዬ የሰውየው እርምጃ ተሰማ፤ ቆመ። ያን ጊዜ ብርሃኑ ጠፋ። በድፍን ጨለማ ውስጥ ተለጣፊው ከላይ ጀምሮ እስከ ታች በመዳፍ ሲጫን ሰማሁት። ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳያስተርፍ።

ባይዘጉት በወደድኩ ነበር።

"ሰብሳቢ፣ ለምን ዘጉት?" አልኩ።

መዳፋቸው ከተለጣፊው ላይ ሲነሳ ሰማሁ።

"ደጁን ረግጠው በማያውቁት ቤት፣ የፊተኛው ሳይዘጋ የኋለኛው እንደማይከፈት ማን ነገረዎት?"

ባትሪዬን አብርቼ የመጋረጃው ጠርዝ ላይ ያዝኩት። ሁለት ረድፍ ስፌት፣ የመኪና ወንበር የሚሰፋበት ወፍራም ክር። ትናንት በሱቃቸው ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጬ ያየሁት ስፌት ነው። ሰብሳቢው ስፌቱን በጣታቸው ነኩት።

"በቆዳ ቁራጭ ሰፋሁላቸው" አሉ። "ለዘይቱ ገንዘብ አልቀበልም ሲሉኝ ጊዜ።"

"ዘይቱ ለማን ነበር?"

"ለሚስቴ። ካንሰሩ አጥንቷ ገብቷል። ሐኪም የሚሰጣት አላስተኛት አለ። አንድ ቀን 'ግደለኝ' አለችኝ። በጓሮ በር መጥቼ መምህሩ እግር ላይ ወደቅሁ። ከውጭ የመጣ መድኃኒት ነው ብያት ተኛች። እስኪ ፍረጂ! ልጄን የበላውን ቅጠል በገዛ እጄ ሚስቴን አጠጣኋት። እሷን አስተኝቼ ጠዋት 'ይህ ቅጠል ሰይጣን ነው' እያልኩ ሰልፍ እወጣለሁ። ይህን ለማን ልንገር?"

"መምህሩ ያውቁ ነበር።"

"ያውቁ ነበር፤ አልተናገሩብኝም። ማክሰኞ ግን ሁለት ሪባን ይዘው ጠበቁኝ። 'ጠበቃው ጠዋት መጥቶ ጮኸብኝ፤ እሱ የሚፈልገው ግማሹን ነው፣ አንተም የምትፈልገው ግማሹን ነው' አሉኝ። 'ሁለቱንም እሰርና ከጎኔ ቁም። ልጅህንም ሚስትህንም ተናገር። ሙሉውን የሚያውቅ ካንተ በቀር ማን አለ?' ለመንኳቸው። 'አንተ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ' አሉና ተክሎቻቸው ላይ ጎንበስ አሉ።" በባትሪው ብርሃን ቀኝ እጃቸውን አዩት። "ማጠጫው እጄ ላይ ነበር። ውሃ ላቀብላቸው ነበር ያነሳሁት።"

"ከዚያ መጋረጃውን ዘግተው ወጡ።"

"መዝጋቴን አላስታውስም።" ሁለተኛውን መጋረጃ በጨለማው ውስጥ ዳበሱት። "ለሷ የሚሆነው አበባ ገና አልደረሰም ነበር።"

ጋሽ ነገሩ ከውስጥ ሆኖ አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁት። ካቴናውን እኔው አሰርኩ።

"አንድ ነገር ልለምንሽ" አሉኝ። "ለሚስቴ አትንገሪያት።"

"እነግራቸዋለሁ" አልኩ። "ባለመናገር የሞተው ይበቃል።"

*

ኮማንደሩ ዜናውን ሲሰማ ደስ አላለው። ለርዕሱ አልተመቸውም። "ግድያው ይሁን" አለ። "ሴትየዋ ግን በዘይቱ ትከሰስ። አንቺም እዚህ ቁጭ ብለሽ ሪፖርት ጻፊ፤ አዳራሹ ድርሽ እንዳትዪ።"

"በዘይቱ ከከሰሷት ከስሟ ቀጥሎ የኔን ይጻፉ። አንዱን ያደልኩት እኔ ነኝ፤ ምስክሩም ጣቢያው በሙሉ ነው።"

ሴትየዋን አስፈትቼ፣ እሷንም ልጇንም ይዤ ወደ ሰብሳቢው ቤት ሄድኩ። ሚስትየው አልጋ ላይ ናቸው፤ ፊታቸው ዓይን ብቻ ሆኗል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጠብታው ምን እንደሆነ፣ መምህሩ እንዴት እንደሞቱ፣ ባላቸው የት እንዳሉ። ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ጎረቤት ዘንድ የዋለው ልጃቸው የሚቀመጥበትን ባዶ ወንበር ብዙ ጊዜ አዩ።

"ያ ስብሰባ ዛሬ ነው?" አሉኝ።

"አሁን ሊጀመር ነው።"

"ልብሴን አምጪልኝ።"

"እማማ፣ መንገዱ ያምዎታል።"

"መች ያላመመኝ ነገር አለ? ባሌ እንዳይነገር ብሎ ሰው ገደለ። እኔ አሁን ዝም ካልኩ እኒያ ሰውዬ በከንቱ ሞቱ። አንሱኝ!"

ተሽከርካሪ ወንበራቸውን ጭነን በፖሊስ መኪና ወሰድኳቸው። እናትየዋ ልጇን ይዛ ከኋላ ተቀመጠች፤ የማታውቃቸውን አሮጊት በትከሻዋ ደግፋ። ስልኬ ጮኸ፣ ኮማንደሩ ነው። ደግሞ ጮኸ። ጋሽ ነገሩ ከእጄ ወስዶ አጠፋው። "ነገሩ አለቃ፣ ባትሪው አልቋል" አለ።

አዳራሹ በር ላይ አንዲት ወጣት ሁለት ቅርጫት ይዛ ቆማለች።

"አረንጓዴ ነው ነጭ፣ እማማ?"

"ሁለቱንም።"

"አይቻልም። ወይ ደጋፊ ነዎት ወይ ተቃዋሚ።"

አሮጊቷ ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ቀና አሉ። "የኔ ልጅ፣ ይሄ ቅጠል ልጄን ነጥቆኛል። ይሄው ቅጠል ስቃዬን አስታግሶ አስተኝቶኛል። የትኛውን ልዋሽልሽ?"

ወጣቷ ቅርጫቶቿን ይዛ ቀረች። እኔ ከኪሴ የኤግዚቢቱን ፖስታ አውጥቼ ቀደድኩት። የመምህሩን ሁለት ሪባን፣ አረንጓዴውንም ነጩንም፣ አሮጊቷ ደረት ላይ ጎን ለጎን አሰርኩ። ይህንንም ይመዝግቡልኝ።

ገባን። ጠበቃው መድረኩ ላይ ስለ ሕጻኗ እያወራ ነበር፤ ሲያየን አቆመ። የግራው ወገን ነጭ፣ የቀኙ አረንጓዴ ሆኖ ተሞልቷል፤ መሃሉ አንድ ሰው በጭንቅ የሚያልፍበት መተላለፊያ ነው። አስተናጋጁ ግራ ገብቶት "የት ላስቀምጣቸው?" አለ።

"መሃል" አሉ አሮጊቷ።

"መሃል ቦታ የለም።"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ነጮቹ የሰብሳቢያቸውን ሚስት አወቋቸው፤ ሹክሹክታው ከወንበር ወንበር ተላለፈ። እናትየዋ ልጇን በአንድ ክንዷ አስተካክላ ተሽከርካሪ ወንበሩን በሌላው ገፋችው፤ መሽከርከሪያው የፊተኛውን ሰው ጉልበት መታ፣ ደግማም ገፋችው።

"ተጠጉ እንጂ!" አሉ አሮጊቷ።

በግራም በቀኝም ወንበር መጎተት ጀመረ።